መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ ሳለ ጠጥቶ በማሽከርከር ተከሰስሁ፤ ጥፋቴን አምኜ ልገላገለው?

ጥያቄ

የምኖረው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ግሪን ካርድ ካገኘሁ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል፤ ቤተሰቤን የማስተዳድረው በኡበር ነው። በዚህ ክረምት ከዘመድ ሠርግ ስወጣ መጠጣቴን ስለማውቅ ላለመንዳት ወሰንሁ። ብርዱ ግን ከባድ ስለነበር ከአዳራሹ አጠገብ ባለው የመኪና ማቆሚያ ሞተሩን አስነሥቼ፣ ማሞቂያውን ከፍቼ፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ እንዳለሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ፖሊስ መስኮቱን አንኳኩቶ ቀሰቀሰኝ፤ ጣቢያ ወስደው በመሣሪያው ሲያስነፉኝ የአልኮል መጠኔ 0.12 ወጣ። ከዚህ በፊት ምንም ዓይነት ክስ ኖሮብኝ አያውቅም። አንዳንድ ጓደኞቼ «አልነዳህም፤ ምንም አያመጡብህም» ይሉኛል። ሌሎቹ ደግሞ «የመጀመሪያህ ስለሆነ ጥፋተኛ ነኝ በልና ቅጣትህን ከፍለህ ተገላገል» ይሉኛል። ከአገር ያስወጡኝ ይሆን? ሥራዬንስ አጣለሁ? ለባለቤቴ እንኳ እስካሁን አልነገርኋትም።

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ይህን ያህል ጭንቀት ብቻዎን ተሸክመው መሰንበትዎ አሳዝኖኛል። ጓደኞችዎ የመከሩዎት በቅን ልብ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ሁለቱም ምክሮች ስሕተት ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው የከፋ ጉዳት ሊያደርስብዎ ይችላል። እንቅልፍ የነሣዎትን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ሕግ፣ ሰው ያልተጎዳበትና አደንዛዥ ዕፅ የሌለበት አንድ ተራ ጠጥቶ የማሽከርከር ጥፋት ብቻውን የግሪን ካርድ ባለቤትን ከአገር የሚያስወጣ ወንጀል አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 በሰጠው ውሳኔ እንዲህ ያለው ጥፋት «የኃይል ወንጀል» ተብሎ ሊቆጠር እንደማይችል ወስኗል፤ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድም ተራውን ጥፋት ከነውረኛ ወንጀሎች (በኢሚግሬሽን ሕግ ሥነ ምግባርን የሚያጎድፉ ተብለው ከሚቆጠሩት) ወገን አልመደበውም። ስለዚህ ሻንጣ የማዘጋጀት ስጋቱን ለጊዜው ያስቀምጡት። አደጋው ያለው በሌላ በኩል ነው፤ እሱንም ከታች በሰፊው እመለስበታለሁ።

«አልነዳህም» ወደሚለው ስንመጣ፣ የቨርጂኒያ ሕግ የሚከለክለው መንገድ ላይ እየነዱ መገኘትን ብቻ አይደለም፤ ሰክሮ መኪናን በቁጥጥር ሥር አድርጎ መገኘትንም ይከለክላል። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 በወሰነው አንድ ጉዳይ፣ የሰከረ ሰው በሕዝብ መንገድ ላይ በቆመ መኪና መሪው ፊት ተቀምጦ ቁልፉም ማስነሻው ውስጥ ከተገኘ፣ የመንዳት ሐሳብ እንደነበረው ማስረዳት ሳያስፈልግ ጥፋተኛ እንደሚሆን ደንግጓል። በ2014 ደግሞ በገዛ ቤቱ መግቢያ ላይ ባቆመው መኪና ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ጥፋተኛ መባሉን አጽድቋል። የእርስዎ ሞተር እየሠራ ነበር፤ እርስዎም በሾፌሩ ወንበር ላይ ነበሩ። ላለመንዳት መወሰንዎ ክብር የሚገባው ውሳኔ ነው፤ ጠበቃዎም በዳኛው ፊት ለቅጣት ማቅለያ ሊያነሣው ይችላል፤ ነገር ግን ብቻውን ከጥፋተኝነት አያድንም። (ሌሎች አንባቢዎችም ይህን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። በዚህ አገር ከግብዣ በኋላ መኪና ውስጥ ማሞቂያ ከፍቶ መተኛት ጥንቃቄ ቢመስልም በሕግ ፊት ወጥመድ ነው። ሰው ደውሎ መጥራት ወይም ታክሲ ይዞ መሄድ ይሻላል።)

አሁን «ቅጣትህን ከፍለህ ተገላገል» የሚለውን እንመርምር። የመጀመሪያ ጥፋት በቨርጂኒያ አንደኛ ደረጃ ሚስዲሚነር (ከከባድ ወንጀል በታች ያለ ጥፋት) ነው። ጣሪያው የ12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር ነው፤ ዝቅተኛው መቀጮ 250 ዶላር ነው። ትንፋሽዎ 0.15 ደርሶ ቢሆን ኖሮ ዳኛው ሊቀንሰው የማይችለው የ5 ቀን እስር፣ ከ0.20 ቢያልፍ ደግሞ የ10 ቀን እስር ይኖርበት ነበር፤ 0.12 ግን ከዚህ በታች በመሆኑ ግዴታ የሆነ እስራት የለበትም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሰሰ ሰው እስራቱ አብዛኛውን ጊዜ በገደብ ይታለፍለታል። ጓደኞችዎ የሚያዩት እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ግን ከመቀጮው እጅግ ይበልጣል።

መንጃ ፈቃድዎ ለ12 ወር ይታገዳል። በተያዙ ጊዜ ለ7 ቀን የታገደብዎት ከዚህ የተለየ አስተዳደራዊ እርምጃ ነው። ዳኛው የተገደበ ፈቃድ ሊሰጥዎ ይችላል፤ ይህ ፈቃድ ወደ ሥራ፣ ወደ ሐኪም፣ ልጅ ለማድረስ፣ በሳምንት አንድ ቀንም በተወሰነ ሰዓት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ለመሄድ ያገለግላል። ለዚህ ግን ቪኤሳፕ በሚባለው የአልኮል ትምህርት መርሐ ግብር መመዝገብና ኢግኒሽን ኢንተርሎክ የተባለውን መሣሪያ ቢያንስ ለ6 ወር መኪናዎ ላይ ማስገጠም ያስፈልጋል። መሣሪያው ከመነሣትዎ በፊት ያስነፋዎታል፤ በመንገድ ላይም ደግሞ ደጋግሞ ይጠይቅዎታል፤ 0.02 ካለፈ መኪናው አይነሣም፤ እያንዳንዱ ውጤትም ይመዘገባል። ኢንሹራንስዎን በተመለከተ ደግሞ ኤፍ አር 44 የሚባል ማረጋገጫ ለሦስት ዓመት ይጠየቃሉ፤ ይህም ከተራው ዝቅተኛ ሽፋን እጥፍ የሆነ ሽፋን መግዛት ማለት ነው። ጥፋቱ በዲኤምቪ (በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) መዝገብዎ ላይ ለ11 ዓመት ይቆያል። የወንጀል ሪከርዱ ግን ጊዜ ሲያልፍ እንኳ አይፋቅም፤ ቨርጂኒያ አንዳንድ የቆዩ ጥፋቶች ከሕዝብ ዕይታ እንዲሰወሩ የሚያስችል ሕግ ስታወጣ ጠጥቶ ማሽከርከርን ለይታ አስቀርታለች። አንድ ጊዜ «ጥፋተኛ ነኝ» ብለው የሚፈርሙት ነገር ዕድሜ ልክ ከስምዎ ጋር የሚሄድ መሆኑን ከመፈረምዎ በፊት ይወቁት።

ስለ ሥራዎ የምነግርዎት መልካም ዜና አይደለም። የቨርጂኒያ ሕግ የኡበርና የሊፍት ዓይነት ኩባንያዎች ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ ጠጥቶ በማሽከርከር ጥፋተኛ የተባለን ሰው ሾፌር አድርገው እንዳያሠሩ ይከለክላል። ዳኛው ለሥራ የሚያገለግል የተገደበ ፈቃድ ቢሰጥዎም እንኳ ይህን ክልከላ አያነሣም፤ ኩባንያዎቹ ደግሞ ክሱ ገና ሳይወሰን አካውንት ሊያግዱ ይችላሉ። ስለዚህ ለእርስዎ የዚህ ክስ ትልቁ ቅጣት 250 ዶላር ሳይሆን የቤተሰብዎ እንጀራ ነው፤ ጠበቃዎም ጉዳዩን ሲይዝ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለበት። በከባድ ተሽከርካሪ የሚሠሩ ወገኖቻችን ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሲዲኤል (የንግድ ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ) ያለው ሰው በግል መኪናው ቢያዝም እንኳ የመጀመሪያው ጥፋት ሲዲኤሉን ለአንድ ዓመት፣ ሁለተኛው ደግሞ ለዕድሜ ልክ ያሳጣዋል።

ወደ ዜግነት ጉዳይዎ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው መደበቅ ነው። የዜግነት ማመልከቻው የሚጠይቀው ጥፋተኛ ተብለው እንደሆነ ብቻ ሳይሆን በማንኛውም ጊዜ ተይዘው እንደሆነም ነው፤ ክሱ ቢሰረዝ፣ በነጻ ቢሰናበቱ እንኳ «አዎ» ማለት ይገባዎታል። አሻራዎ ከመንግሥት ዘንድ ስላለ መርማሪው ከእርስዎ በፊት ያውቀዋል፤ አንድ ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ማመልከቻን አያሰናክልም፤ በመሐላ የተነገረ ውሸት ግን ያሰናክላል። ሁለተኛው መቸኮል ነው። ሰው በገደብ የተላለፈ እስራት ወይም የአመክሮ ጊዜ እስካለበት ድረስ ዜግነቱ አይጸድቅለትም፤ ስለዚህ ጓደኞችዎ እንደሚሉት ዛሬ ጥፋተኛ ነኝ ብለው የአንድ ዓመት ገደብ ቢፈረድብዎ፣ ወደ እጅዎ የቀረበው ዜግነት ቢያንስ በዚያው ያህል ይርቃል። ጉዳዩ ሳይዘጋ ማመልከቻ አያስገቡ።

ከዚህ ጋር የተያያዙ ሦስት ማስጠንቀቂያዎችን ልጨምር። የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2019 በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ የአመልካቹ መልካም ሥነ ምግባር በሚመዘንበት ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠጥቶ በማሽከርከር ጥፋተኛ የተባለ ሰው መልካም ሥነ ምግባር እንደሌለው ተደርጎ ይገመታል፤ ከዚህ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ግብዣ ለእርስዎ ከሌላው ሰው ይልቅ አደገኛ ነው ማለት ነው። ቀጥሎም፣ ፈቃድዎ መታገዱን እያወቁ ጠጥተው ቢነዱ ጉዳዩ ከተራነት ወጥቶ ነውረኛ ወንጀል ሊባል ይችላል፤ ይህ ደግሞ ግሪን ካርድ በተገኘ በአምስት ዓመት ውስጥ ሲደርስ በእርግጥ ከአገር ሊያስወጣ የሚችል ነው። በመጨረሻም ዕፅ ነው። ማሪዋና ከ2021 ጀምሮ በቨርጂኒያ ለአዋቂ ሰው ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ አልተፈቀደም፤ ጫትም በውስጡ ባለው ካቲኖን ምክንያት የተከለከለ ነው፤ ዜጋ ላልሆነ ሰው ከአልኮል ክስ ይልቅ የዕፅ ክስ እጅግ የከፋ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሰው ክሱን ከአልኮል ወደ ዕፅ ለማዞር ቢያግባባዎ፣ ቅጣቱ ቢቀልም እንኳ፣ አይቀበሉ። ኮንግረስ ውስጥ ጠጥቶ ማሽከርከርን በስደተኞች ላይ የሚያከብዱ ረቂቆች ስለሚቀርቡም፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ በቀጠሮዎ ሰሞን እንዳለ መሆኑን በኢሚግሬሽን ጠበቃ ያረጋግጡ።

እንግዲህ ምን መከላከያ አለ? ብዙ ሰው «መብቴን ስላላነበቡልኝ ክሱ ይወድቃል» ይላል፤ ይህ አይሆንም፤ መብት ያለማንበብ የሚያስቀረው ከታሰሩ በኋላ በምርመራ የሰጡትን ቃል እንጂ የትንፋሽ ውጤቱን ወይም ክሱን አይደለም። በእርስዎ ጉዳይ በጥሞና መታየት ያለበት ቦታው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሰው በጣቢያው መሣሪያ ላይ እንዲነፋ የሚያስገድደው ሕግ የሚሠራው ለሕዝብ ተሽከርካሪ ክፍት በሆነ መንገድ ላይ መኪና ሲቆጣጠር ለተገኘና በሦስት ሰዓት ውስጥ ለተያዘ ሰው ነው። የአዳራሹ ማቆሚያ ለማንም ክፍት ነበር ወይስ ለእንግዶች ብቻ? በር፣ ሰንሰለት፣ «የግል ይዞታ» የሚል ምልክት ነበረው? ይህ ለጓደኞችዎ ትንሽ ነገር ሊመስላቸው ይችላል፤ ለጠበቃ ግን የ0.12ቱን ወረቀት ከመዝገብ ለማስወጣት የሚሞከርበት ዋና በር ሊሆን ይችላል። ቦታውን ዛሬውኑ ሄደው ከየአቅጣጫው በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ምልክቶች ይለወጣሉ።

ፖሊሱ መስኮቱን ሲያንኳኳ ምን እንዳየ፣ ምን እንደጠየቀ፣ መቼ «ከመኪናው ውረድ» እንዳለ በደረቱ ካሜራ ላይ አለ፤ ጠበቃዎ ይህን ቪዲዮ በጊዜ መጠየቅ አለበት። በመንገድ ዳር «በመስመር ላይ እየረገጡ ይሂዱ፣ በአንድ እግር ይቁሙ» ተብለው ከሆነ መመሪያው በእንግሊዝኛ ሲነገርዎ በሚገባ ገብቶዎት እንደሆነ ከቪዲዮው ይታያል፤ ቋንቋው ስላልገባው የተደናገረ ሰው እንደ ሰካራም ተጽፎ ሊቀርብ አይገባውም፤ ጉልበት ወይም ወገብ የሚያምዎት ከሆነም ይናገሩ። በስፍራው የሚያዝ ትንሽ መንፊያ ሰጥተዎት ከነበረ፣ እሱን እምቢ የማለት መብት ነበረዎት፤ ውጤቱም በፍርድ ቤት ለጥፋተኝነት ማስረጃ አይሆንም። በጣቢያው ያለው ትልቁ መሣሪያ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት የራሱ የአንድ ዓመት የፈቃድ እገዳ አለው። ስለ ትልቁ መሣሪያ ጠበቃው የሚያጣራቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ ከመንፋትዎ በፊት ኦፊሰሩ ለ20 ደቂቃ ሳይለይ ተከታትሎዎታል? በዚያ መካከል አግስተዋል ወይም አስመልሶዎታል? ሁለቱ ናሙናዎች ይቀራረባሉ? መሣሪያው ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ ተፈትሿል? እነዚህ ሁሉ የተሟሉ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም ይሟላሉ። ነገር ግን እነሱ ሳይታዩ ጥፋትን ማመን ማለት የመንግሥትን የማስረዳት ሥራ በገዛ እጅ መፈጸም ነው።

ማስረጃው ላይ እውነተኛ ድካም ከተገኘ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ወደ ቀለለ ጥፋት ለማውረድ ሊስማማ ይችላል፤ ይህ በሕግ የተሰጠ መብት ሳይሆን በድርድር የሚገኝ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሬክለስ ድራይቪንግም (በግዴለሽነት ማሽከርከር) የወንጀል ጥፋት በመሆኑ ለኡበር ሥራ ፍጹም ንጹሕ አያደርግዎትም። ቢሆንም በዜግነት፣ በፈቃድና በኢንሹራንስ በኩል ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ጠበቃ መቅጠር ካልቻሉ በመጀመሪያው ቀጠሮ ለዳኛው ይናገሩና የገቢዎን ቅጽ ይሙሉ፤ እስራት ሊያስከትል በሚችል ክስ መክፈል ለማይችል ሰው የሕዝብ ተከላካይ ይመደብለታል፤ አሌክሳንድሪያም የራሱ ጽሕፈት ቤት አለው። ማንም ጠበቃ ቢሆን ጥያቄዎ አንድ ይሁን፤ ይህ ስምምነት በግሪን ካርዴና በዜግነቴ ላይ ምን ያመጣል? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 የወንጀል ጠበቃ ይህን ለደንበኛው የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። አስተርጓሚም ይጠይቁ። ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር በእንግሊዝኛ ቢያወሩ እንኳ የፍርድ ቤት እንግሊዝኛ ሌላ ነው፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይመደብልዎታል፤ ዘመድ እንዲያስተረጉምልዎ አይፍቀዱ። በቀጠሮው ቀን መቅረት ደግሞ በክሱ ላይ ሌላ ክስ ይጨምራል።

ምናልባት ይህ ጽሑፍ ከመድረሱ በፊት በጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት (ክሱ መጀመሪያ በሚታይበት ፍርድ ቤት) ቀርበው ጥፋተኛ ነኝ ብለው ከሆነም ተስፋ አይቁረጡ። በቨርጂኒያ ከውሳኔው ቀን አንሥቶ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካሉ ጉዳዩ ከእሱ በላይ ባለው በሰርኪውት ኮርት እንደ አዲስ ይታያል፤ ጥፋታቸውን ያመኑ ሰዎችም ይህ መብት አላቸው። አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ግን በሩ ይዘጋል።

ስለ መጠጡም አንድ ነገር ልበል። በሠርግና በድግስ ላይ «ጨምር እንጂ፣ ምን ሆነሃል» ተብሎ የሚቀዳ ጠጅና አረቄ በጠርሙሱ ላይ የጥንካሬ መጠን አልተጻፈበትም፤ በብርጭቆ መቁጠር አያዋጣም። ሰውነት በሰዓት የሚያወርደው 0.015 ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ 0.12 ላይ የነበረ ሰው ፈጽሞ ለመጥራት 8 ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል፤ ቡናም ሆነ የሁለት ሰዓት እንቅልፍ አያፋጥነውም። በዚያ ሌሊት ማንም ሳይጎዳ መቅረቱን ከክሱ ሁሉ በላይ እንዲያስቡት እፈልጋለሁ። መጠጥ ከዚህ ድግስ አልፎ የሚያስቸግርዎ ነገር ከሆነ እርዳታ ይፈልጉ፤ ነገር ግን ዳኛን ለማስደሰት ብለው «የመጠጥ ሱሰኛ ነኝ» የሚል ወረቀት በራስዎ ፈርመው አያቅርቡ፤ የልማድ ሰካራምነት በኢሚግሬሽን ሕግ መልካም ሥነ ምግባርን የሚያሳጣ ነገር ስለሆነ እንዲህ ያለው ነገር በጠበቃ በኩል ይሁን። ስለዚያ ሌሊት በስልክ መልእክትም ሆነ በማኅበራዊ ሚዲያ ምንም አይጻፉ።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ ዛሬ ማታ ይንገሯት። በአንድ መኪና የምትገለገሉ ከሆነ ኢንተርሎኩ ሲገጠም እሷም ልጅ ይዛ ከመነሣቷ በፊት መንፋት ይኖርባታል፤ የኢንሹራንሱ ዋጋ ሲወጣም ታየዋለች፤ ገቢዎ ቢቋረጥ የቤት ኪራዩን አብራችሁ ማሰብ ያስፈልጋችኋል። ወደ ጠበቃው ቢሮ አብራችሁ ሂዱ፤ የሌሊቱን ነገር ለጠበቃው ሲነግሩት ግን እሷ ከውጭ ትቆይ፤ ሦስተኛ ሰው ባለበት የተነገረ ቃል በጠበቃና በደንበኛ መካከል ያለውን ምሥጢራዊነት ሊያጣ ይችላልና።